«ኖ፣ ታንክ ዩ» ያልኩባት ቅዳሜ

እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ለቃቀምኩት፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከመጽሐፍ፣ ያውም ዘግይቼ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለው ቀዬአችን ወጥቼ ኮሶበር በምንላት እንጅባራ ከተቀመጥኩ በኋላ ነበር። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ በጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። አጠገቤ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጅ «እትዬ፣ ላጲስ ያውሱኝ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ፊደል ሲጠፋኝ እሷን እጠይቃለሁ። አላፍርም ነበር አልልም። አፍር ነበር፤ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም።

አሁን እንጅባራ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ደርዳሪ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የተመለሰውን መጽሐፍ እቀበላለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ተገልብጦ የቆመ መጽሐፍ ካየሁ ሳላቃናው አላልፍም። ኃላፊያችን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ «አንቺ መጽሐፉን ሳይሆን መደርደሪያውን ነው የምትወጂው» ይሉኛል። እያነበብኩ እንደምደረድር አያውቁም። እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

አንድ ደብተር አለኝ። እንግሊዞች ሰው ሲያከብሩ የሚናገሩትን የምጽፍበት ነው። የጀመርኩት ከድንጋጤ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም፣ «አንቺ»ንም፣ «እርስዎ»ንም በአንዲት «ዩ» እንደሚጠራ መምህራችን የነገሩን ዕለት፣ እጄን አውጥቼ «ታዲያ ቄስ ሲያናግሩ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዩ» አሉኝ። «ሕፃን ሲያናግሩስ?» «ዩ።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ክብር የሌለው ቋንቋ እንዴት የዓለም ቋንቋ ሆነ እያልኩ ቤቴ ሄድኩ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። አክብሮቱ አለ፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተለየው። እኛ ሰውየውን እናከብራለን፤ «እርስዎ» ካልን በኋላ ግን ትእዛዙን ቀጥ አድርገን ብንናገረው ግድ የለንም። «ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ» ማለት ነውር አይደለም። እነሱ የሚጠነቀቁት ለጥያቄው ነው። መስኮት ለማስዘጋት ብቻ ለቅርብ ሰው «ፕሊዝ» ይሉና ይቆማሉ። ለማያውቁት ሰው «ኩድ ዩ» ብለው ይጀምራሉ፤ መዝጋት ትችል ነበር ወይ እንደማለት። በጣም ሲጠነቀቁ ደግሞ «ውድ ዩ ማይንድ» ይላሉ፤ ብትዘጋው ቅር ይልህ ይሆን ወይ። ንግግሩ ሳያልቅ ሰውየው በብርድ ያልቃል እያልኩ ስቄ ነበር። ግን ሁሉንም በርዝመታቸው ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ ያው ሥራዬ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ «አይም አፍሬድ» የሚሉት ነው። ፈርቻለሁ ማለት ነው፤ የሚሉት ግን ሳይፈሩ ነው፤ ደስ የማይል ወሬ ሊነግሩህ ሲሉ። አንድ ቀን ኃላፊያችን ላይ ሞከርኩት። «ጋሼ፣ የጠየቁት መጽሐፍ የለም ብዬ እፈራለሁ» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ምን ያስፈራሻል? እኔ እንደሆንኩ አልበላሽ» አሉኝ። ያን ዕለት፣ አማርኛ ላይ የማይሠራ ብዬ አጠገቡ ጻፍኩበት።

ዘንድሮ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ለመምህራን የእንግሊዝኛ ንግግር ሥልጠና መጣ፤ ስድስት ቅዳሜ። አሠልጣኛችን ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አዲስ አበባ ያደገች፣ ድምጿ ጎላ ያለ፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት። አንድ ሕግ ነበራት። የክፍሉን ደፍ ከተሻገርን በኋላ እስከምንወጣ ድረስ ከእንግሊዝኛ በቀር አንዲት ቃል የለም። ከደፉ ውጭ «እርስዎ» ትለኛለች፤ ቦርሳዬን ልትይዝልኝ ትታገለኛለች። እኔ መምህሬ ናት ብዬ «እርስዎ» ልላት ስል «ኧረ በእናትዎ፣ በልጅነቴ አያስረጁኝ» ብላ ትቆጣለች፤ ስለዚህ «አንቺ» እላታለሁ። ከደፉ ውስጥ ግን ሁለታችንም «ዩ» ነን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም ታላቅ፣ የማንም ታናሽ ያልሆንኩበት ቦታ ያ ክፍል ነው። በአገውኛ የአባቴ ልጅ ነኝ። በአማርኛ ዘግይታ የተማረች መጽሐፍ ደርዳሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ንግግሬ የሚያክለውን ያህል ነኝ፤ በቃ። ያ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ወሬ ሰማን። ዳንግላ ላይ ለተማሪዎች የእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል ሊከፈት ነው፤ የሚመራውን ሰው አሠልጣኟ ከመካከላችን ትመርጣለች። ሥራው በቋሚነት ነው። ከልጆች ጋር ማንበብ፣ ማነጋገር፣ መጻሕፍቱን መምረጥ። አሥራ አራት ዓመት መጽሐፍ ለሌላ ሰው ሳቀብል ኖሬ፣ ያነበብኩትን የምናገርበት ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር። ያንን ክፍል ፈለግሁት። ለማንም ሳልናገር አራት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ፤ ድንች እየላጥኩ እንኳ አፌ አያርፍም ነበር።

ስድስተኛው ቅዳሜ መጣ። አሠልጣኟ በሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረችና በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል «ውድ ዩ ላይክ ቱ ሊድ ዘ ሩም?» አለችኝ። ክፍሉን መምራት ይወዱ ይሆን ወይ ማለቷ ነው። ደብተሬ ላይ «ውድ ዩ ላይክ» ሦስተኛ ገጽ ላይ አለች። መልሱም አጠገቧ አለ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁና እንዲህ አልኩ፦

«ኖ፣ ታንክ ዩ። ከእኔ የሚሻሉ አሉ።»

ይህን ያልኩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም የተናገረው አስተዳደጌ ነው። አባቴ ድግስ ቤት ሲገባ «ኖር! ኖር!» ተብሎ ሁሉ ይነሣለታል፤ እሱ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ በሩ ሥር ካለችው መደብ ጫፍ ቁጭ ይላል። «ኧረ ወደ ላይ!» ይሉታል። «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል።» «እንዴት ተደርጎ!» «እዚህ ነፋሱ ይመቸኛል።» በመጨረሻ ሁለት ሰው ክንዱን ይዞ ሲጎትተው፣ ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት፣ ተሸነፍኩ ብሎ ይነሣል። የት እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ። አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ አጎት ገና በመጀመሪያው «ወደ ላይ» ሄዶ ዘፍ አለ። እስከሚቀጥለው ክረምት ስሙ በየቤቱ ሲነሣ ከረመ።

እናም አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። «ኧረ እርስዎ ነዎት!» የሚለኝን፣ ክንዴን የሚይዘኝን ጠበቅሁ። አሠልጣኟ ፈገግ አለችና በእንግሊዝኛ፣ ገብቶኛል፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ወደተቀመጠው ወጣት መምህር ዞራ ያንኑ ጥያቄ ደገመችለት። «የስ! ሹር!» አለ፤ ትንፋሽም አልወሰደ። ስሙ ተጻፈ። ሥልጠናው አለቀ። ጭብጨባ ሆነ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ስንወጣ አብራኝ የሠለጠነች የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን ጎሸም አደረገችኝ። «አንቺ፣ አራት ሳምንት ብቻሽን ስትለፈልፊ የነበረው ለዚህ ነው? ሰጧት፣ ታንክ ዩ ብላ መለሰች!» እየሳቀች ነው። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አፌ አልታዘዘልኝም።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት ለራሴ ይቅር። አንድ ነገር ግን ወስኜ አደርኩ። ወይ ነገሩን እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ፣ ወይ ሄጄ እናገራለሁ፤ በሁለቱ መካከል ቆሜ ሰው እንዲጎትተኝ አልጠብቅም። መተው አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አሠልጣኟ ወዳለችበት ቢሮ ሄድኩ። ለዳንግላ የሚላኩ መጻሕፍት በካርቶን እያሰረች ነበር። ብድግ ብላ ወንበር አቀረበችልኝ።

«የመጣሁት ስለ ቅዳሜው ነው» አልኩ። «እኔ እምቢ አላልኩሽም።»

«ብለውኛል እኮ፤ ሁሉም ሰምቷል።»

«እምቢታ አልነበረም። ወግ ነው። አታውቂውም እንጂ እኛ ዘንድ...»

«አውቀዋለሁ» አለችኝ ካርቶኑን ትታ። «እናቴ የዚሁ የጎጃም ሰው ናት። ቤታችን ምሳ የሚቀርበው ሦስት ጊዜ ከተማለ በኋላ ነው።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን አልደገምሽልኝም?»

«ክፍሉ ውስጥ ስለነበርን ነዋ! እስቲ ያስቡት። አንዲት ተማሪ ኖ ስትለኝ፣ የለም፣ የስ ማለትሽ ነው ብዬ ክንዷን ብጎትት፣ ልጅቷ ኖ ማለት ሲያስፈልጋት በምን ትላለች?»

ብዙ ሰው ልማዳችንን ሲነቅፍ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን ነቀፋ አልነበረም። ልጅቷን በሐሳቤ አየኋት፤ ያቺን ኖ ለማለት ቃል ያጣችውን። አንድ ዘመን እኔም እንደሷ ነበርኩ፤ ለባል ሲሰጡኝ «እንዳላችሁ» ያልኩ። ያኔ ማንም መልሶ አልጠየቀኝም።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። «እኔም ዛሬ ሳልጎተት መጥቻለሁ። ክፍሉን እፈልገዋለሁ።»

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ደጅ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። አሠልጣኟ፣ «ለልጁ ቃል ሰጥቼዋለሁ፤ ከእጁ ልነጥቀው አልችልም» አለች። «እሱ ራሱ በፈቃዱ ካለ ግን፣ የፊታችን ቅዳሜ ሁለታችሁም ዳንግላ አንድ አንድ ሰዓት ታስተምራላችሁ፤ አይቼ እመርጣለሁ። መጠየቁ የእርስዎ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። ወጣቱን መምህር አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ በአማርኛ «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» ብዬ ብጠይቀው፣ ወንበሩን ለቆልኝ፣ «ምን ልታዘዝ እትዬ» ብሎ፣ ሳልጨርስለት ሥራውን ይለቅልኛል። ለታላቅ እምቢ አይባልም። እኔም አግኝቼ እወጣለሁ። ግን ያ መጠየቅ ነው ወይስ መቀማት? ደብተሬን ገለጥኩ። ያ ሁሉ «ኩድ ዩ»፣ ያ ሁሉ «ውድ ዩ ማይንድ»፣ ስስቅበት የኖርኩት ርዝመት፣ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ተጠያቂው የሚወጣበት በር ክፍት እየተወ ነው የሚረዝመው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ልጠይቀው ወሰንኩ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እለማመዳለሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እትዬ፣ በስልክ ነው የሚያወሩት?»

«አይ፣ ትምህርት ነው።»

«በዚህ ዕድሜ!»

«በዚህ ዕድሜ።»

መምህሩን ደብተር ሲያርም አገኘሁት። እንደፈራሁት ብድግ አለ፣ ወንበሩን ገፋልኝ። ሳልቀመጥ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። ጥያቄ አለኝ አልኩት፤ ቀጥዬም «ዩ ካን ሴይ ኖ» አልኩት። እምቢ ማለት ትችላለህ።

ደነገጠና ሳቀ። «እትዬ፣ ምነው በፈረንጅ አፍ ልንጣላ ነው እንዴ?»

«ለመጣላት አይደለም። በአማርኛ ከጠየቅሁህ ስለማትከለክለኝ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ቅዳሜ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት፣ አሠልጣኟ ያለችውን። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ቆሜ ጠገንኩትና ቀጠልኩ። እሱ ቀይ እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ እሱም በእንግሊዝኛ፣ «አይ ዋንት ኢት ቱ» አለኝ። እኔም እፈልገዋለሁ።

ይህን በአማርኛ አይለኝም ነበር። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

«እንግዲያው ሁለታችንም ብንሞክርስ? ካልፈለግህ እዚሁ ይቀራል፤ ለማንም አላወራም።»

ጣሪያውን አየ። ወደ አማርኛ ተመለሰ። «እንሞክር። ግን እትዬ፣ ብመረጥ ታላቄ ናቸው ብዬ አልለቅም።»

«ብትለቅ ነው የምቀየምህ።»

ቅዳሜ በአንድ ሚኒባስ ዳንግላ ወረድን። መንገዱን ሙሉ እሱም ወረቀቱን፣ እኔም ወረቀቴን ስናይ ሄድን። ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። እሱ ቀደመ። ሐቁን ልናገር፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይፈጥናል፣ ይጣፍጣልም። ልጆቹን አሳቃቸው። ኋላ ተቀምጬ እየሰማሁ፣ በቃኝ ብሎ መውጣት ቀላል እንደሆነ ተሰማኝ። እግሬን ከወለሉ ጋር አጣብቄ ተቀመጥኩ።

ተራዬ ሲደርስ ብዙ አልተናገርኩም። ጥንድ ጥንድ አድርጌ አቀመጥኳቸው፤ አንዱ ደብተር ይዋስ፣ ሌላው ይከልክል። ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። መዋሱን ቻሉበት። መከልከሉ ግን አልወጣ አላቸው። «ኖ» ብለው ሲጀምሩ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አፋቸው ኖ እያለ እጃቸው ደብተሩን ያቀብላል። «እንደገና» አልኩ። «እንደገና።» ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ከኋላ የተቀመጠች ነጠላዋን እስከ አፏ የተከናነበች ልጅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና፣ «ሶሪ። አይ ኒድ ኢት» አለች። ይቅርታ፣ ያስፈልገኛል። ጥርት ብሎ ወጣ። ጠያቂዋም «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» ብላ ወደ ሌላው ዞረች። ልጅቷ ምንም እንዳልደረሰባት ለማረጋገጥ አካባቢዋን አየች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ዝም ያለ ልጅ አልነበረም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ እኔን ራሴን የሚያዳምጠኝ ጠፋ።

አሠልጣኟ ሁለታችንንም ደጅ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠራችን። አላንዛዛችም። «እሱ ሲያስተምር እሱን ሰማሁት፤ እርስዎ ሲያስተምሩ ልጆቹን ሰማኋቸው። ክፍሉ የእርስዎ ነው።»

«እሺ፣ እረከባለሁ» አልኩ።

ወደ መምህሩ ዞርኩ። ምን እንደምለው ደብተሬም አያውቅም። እሱ ቀደመኝ። «አልከፋኝም ብል ውሸት ነው እትዬ። ለሁለት ቀን ያህል እንዳኮርፍዎ ይፍቀዱልኝ።»

«ሦስት ቀን ይሁንልህ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን በተመለስንበት ሚኒባስ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። መብቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ድሮ ቢሆን ጉዳዬን ከመናገሬ በፊት የከብቱን፣ የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠይቄ፣ «ካላስቸገርኩዎ» ብዬ፣ ነገሩ ሳይነገር እወጣ ነበር። ደኅንነታቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ለዳንግላው ንባብ ክፍል ተመርጫለሁ። የዝውውር ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ያ መምህር ነው የተባለው።»

«ነበር። አሁን እኔ ነኝ።»

«መጽሐፉንስ ማን ይደረድርልኛል?»

«አሠራሩን ጽፌ በየመደርደሪያው ጎን ለጥፌዋለሁ። የሚተካኝን ሰው እስከ ዓርብ አሳየዋለሁ።»

«እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በይ፣ አስቤበት ልቆይ።» ይህች «ብቅ በይ» አሥራ አራት ዓመት ያወቅኋት ናት። ሳምንት ትወልዳለች፣ ሳምንቱ ወር ይወልዳል።

«ጋሼ፣ ክፍሉ በሚቀጥለው ሰኞ ይከፈታል፤ ደብዳቤው ዛሬ ያስፈልገኛል። ጊዜ ከፈለጉ እዚሁ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩኝ። አንገቴን አልደፋሁም፤ አላፈጠጥኩም። «የኮሶበር ብርድ የለመደ ሰው የዳንግላ ፀሐይ አይስማማውም» አሉ።

«እለምደዋለሁ።»

መሳቢያቸውን ስበው ወረቀት አወጡ። ብዕሩ አልጽፍ ብሎ ሁለት ጊዜ አራገፉት፤ የእኔን ሰጠኋቸው። ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የአባቴን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ፤ ፊደል በፊደል ነገርኳቸው።